ስለ ግመል የቀሩኝ አሥራ አምስት ነገሮች

ደብረ ብርሃን ተቀምጦ ስለ ግመል መጻፍ እንደሚቻል እኔ ምስክር ነኝ። ሠላሳ አንድ ጽሑፍ ጽፌያለሁ። ግመል ግን በመኪና መስኮት እንኳ አይቼ አላውቅም ነበር።

አሥራ ሁለተኛን ከጨረስኩ ወዲህ የምሠራው ፎቶ ኮፒ ቤት ነው። ደንበኛ በሌለ ሰዓት እጄ ሥራ ፈትቶ መቀመጥ አይወድም። ስለዚህ ማንም ገብቶ በሚያነበው፣ ማንም ጽፎ በሚጨምርበት አንድ የአማርኛ የኢንተርኔት መዝገበ ዕውቀት ላይ እጽፋለሁ። ሰባት ነን፤ ሁላችንም የምንሠራው በነፃ ነው። የሚመሩን ጡረታ የወጡት የባዮሎጂ መምህር ጋሽ መኮንን ናቸው። እያንዳንዳችን አንድ ዘርፍ ይዘን እንጽፋለን፤ ያለቀው ዘርፍ ላይ «ተሟልቷል» የሚል አረንጓዴ ምልክት ይለጠፋል። የተሟላው ተሰብስቦ በሚሞሪ ካርድ ይጫንና ኢንተርኔት ለማይደርስባቸው ትምህርት ቤቶች ይላካል። አንዴ ከተላከ በኋላ ማረም የለም።

ግመል የእኔ ድርሻ ነበር። አንድ የቆየ ወፍራም መጽሐፍ ይዤ፣ ከጀርባው ያለውን ማውጫ ከጻፍኳቸው ጋር አንድ በአንድ አስተያየሁ። ሁሉም አለ። ተሟልቷል አልኩ። በማግስቱ ስሙን ያልገለጸ አንባቢ ከገጹ ሥር፣ «ግመል አልበህ ታውቃለህ?» ብሎ ጠየቀኝ። ወንድ አድርጎኝ ነው የጠየቀኝ፤ ማለቡ ይቅርና አይቼም አላውቅ።

ጋሽ መኮንንም አልራሩልኝም። «የጻፍሽው ከዚያ መጽሐፍ፣ የመረመርሽውም በዚያው መጽሐፍ» አሉኝ። «ሁለት ሰው ለየብቻ አንድ ገበያ ላኪ እንበል። ሲመለሱ ማንን ማንን እንዳገኙ ጠይቂያቸው። ሁለቱም ያገኙት ያንኑ ሰው ከሆነ ገበያው ትንሽ ነው። አንዱ ያገኘውን ሌላው ካላገኘ ግን ገበያው ሰፊ ነው፤ ያላየሽው ገና ብዙ ነው ማለት ነው።»

እኔ ታዲያ መቀመጥ ስለማይሆንልኝ፣ ግመል የሚያውቁ ሁለት ሰዎች በሁለት በተራራቁ ከተሞች ፈልጌ ልጠይቅ ተነሣሁ። አንዱ አዋሽ፣ አንዱ ሰመራ። ካርዱ የሚጫነው ቅዳሜ ነው። ስሜ ትዕግሥት ይባላል፤ ስሙን ያወጣችልኝ እናቴ እስከ ዛሬ ይቅርታ ትጠይቃለች።

ሰኞ ገና ሳይነጋ በወፍራም ጃኬት፣ በሱፍ ካልሲ፣ እናቴ በግድ ባሸከመችኝ ጋቢ ተጠቅልዬ ወጣሁ። ብርዱ ጥርስ ያንቀጫቅጫል። አዲስ አበባ ላይ ጃኬቱ ተከፈተ፣ አዳማ ላይ ወለቀ፣ መተሐራን ስናልፍ ካልሲውም ተከተለ። አዋሽ ሰባት ኪሎ ስወርድ ደብረ ብርሃንን በሙሉ በክንዴ ታቅፌ ነበር።

ያረፍኩባት አልጋ ቤት ባለቤት እትዬ ዘሃራ የባቲ ሰው ናቸው። በሩ ላይ ቆመው አዩኝና፣ «አንቺ ልጅ፣ ብርድ ተሸክመሽ መጣሽ?» አሉኝ። ጋቢውን ተቀብለው በክብር አጣጥፈው ቁም ሣጥን ከተቱት፤ ከራሳቸው ልብስ አንድ ስስ ቀሚስ አውጥተው ሰጡኝ። ሁለት ትዕግሥት ታስገባለች። ልታጠብ ብዬ ቧንቧ ብከፍት የሚፈላ ውኃ ወረደብኝ፤ ዘልዬ ወጣሁ። እኛ ቤት ለመታጠብ ውኃ ይጣዳል። እዚያ ደግሞ ቀን ፀሐይ ስትጥደው ይውልና እስኪበርድ ይጠበቃል። እትዬ ዘሃራ ከውጭ ሆነው እየሳቁ፣ «አብሽሪ፣ ከመግሪብ በኋላ ይሻለዋል» አሉኝ። እራት በፍየል ሥጋ የተሠራ ሩዝ ነበር፤ ከጎኑ ሙዝ ተቀምጧል። ሙዙን ለኋላ ብዬ ሳቆየው ከሩዙ ጋር እንደሚበላ አሳዩኝ። ጣፈጠኝ፤ እቤት ስናገር ግን ማንም አላመነኝም።

ማክሰኞ ጠዋት እትዬ ዘሃራ ግመል ነጋዴውን አባ ሁመድን አገናኙኝ። ሽማግሌ ናቸው፤ ዘወትር ጠዋት እትዬ ዘሃራ ደጅ ጥላው ሥር ተቀምጠው ሻይ ይጠጣሉ። አጠገባቸው ጀማል የሚባል የደሴ ልጅ ነበር። ከነተሳቢው ባዶውን ወደ ጅቡቲ የሚወርድ ሾፌር ነው፤ መኪናው ጋራዥ ስለሆነ ቀኑን ሙሉ ከእኛ ጋር ተቀመጠ።

ደብተሬን ገልጬ፣ «ስለ ግመል...» ስል አባ ሁመድ እጃቸውን አነሡ። መጀመሪያ ዳጉ አሉ። ዳጉ የአፋር ወግ ነው። ሁለት ሰው ሲገናኝ ቁጭ ብሎ ያየውንና የሰማውን ሁሉ ይነጋገራል፤ የሰማውንም ከማን እንደሰማ ይናገራል። እሳቸውም መንገዱ እንዴት ነው፣ መተሐራ ዘንቧል ወይ፣ ሣሩ ምን ይመስላል፣ ከብቱ ከስቷል ወይስ ወፍሯል፣ ማንን አገኘሽ እያሉ ጠየቁኝ። ሁሉም ደህና ነው አልኩ።

«ደህና መልስ አይደለም» አሉ። «ዘንቧል?»

«ዘንቧል መሰለኝ።»

«አየሽ ወይስ ሰማሽ?»

አላየሁም፤ አልሰማሁምም። ስልኬን ስጎረጉር ነው የመጣሁት። ጀማል ሻዩ ትን እስኪለው ሳቀ። «አባ፣ ይቺ ልጅ ያን ሁሉ መንገድ በሻንጣ ተጭና ነው የመጣችው» አላቸው።

እውነቱን ለመናገር አፈርኩ። እኛ አገር ሰላምታ ወሬ መሸሸጊያ ነው። ቤቱ ተቃጥሎ የቆመ ሰው እንኳ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነን ይላል። ወሬው የሚመጣው ሦስተኛው ስኒ ላይ ነው፤ ያውም ከመጣ።

አባ ሁመድ ግን ቂም አልያዙም። እስከ አሥር ሰዓት ድረስ ነገሩኝ፤ ሃያ ሁለት ነገር ጻፍኩ። ዕድሜዋን በጥርሷ ማወቅ፤ ሻጭ የሚደብቀውን የእግር ሕመም በአነሣሷ መለየት፤ ያረገዘች ግመል ወንድ ሲቀርባት ጭራዋን ሽቅብ እንደምትቆለምም፤ ግልገሏ ሲሞትባት ቆዳውን ሞልተው ፊቷ ቢያቆሙላት ወተቷን እንደምትለቅ። አንድ ዓይና ግመል ደግሞ በታወረው ጎኗ በኩል ጓደኛ አድርጋ እንደምትሄድ። ይህን ሲነግሩኝ ጀማል ሳይቀር ጆሮውን ሰጠ።

ማታ አልጋዬ ላይ ከመዝገቡ ጋር አስተያየሁት። ከሃያ ሁለቱ እኛ ያለን ሰባት ነው። ተሟልቷል ያልኩት እኔ! ግን ወዲያው ተጽናናሁ። የሰመራው ሰው ያንኑ ከነገረኝ ገበያው ትንሽ ነው ማለት ነው፤ የቀረኝ አሥራ አምስት ብቻ ነው። አሥራ አምስት ጽሑፍ ደግሞ በሁለት ቀን እጨርሳለሁ።

ረቡዕ ወደ ሰመራ በሚኒባስ ተሳፈርኩ። ዛሬ ዓይኔን ከፍቼ ነው የምሄደው ብዬ ያየሁትን ሁሉ ጻፍኩ። ግራና ቀኝ እሾሃማ ቁጥቋጦ፤ ሩቅ የአዋሽ አረንጓዴ መስመር፤ አስፋልት ላይ ተኝተው ክላክስ የማይሰሙ ፍየሎች። ግመልም አየሁ! አሥራ አንድ ነበሩ፤ መንገዱን ሲያቋርጡ ሾፌራችን ሞተር አጥፍቶ ጠበቃቸው። እኛ ጋ ለአህያ እንዲህ ያለ ክብር የሰጠ ሾፌር አላየሁም።

ገዋኔ ልንገባ ስንል የፊት ግራ ጎማ ፈነዳ። ተቀያሪውን አወረዱ፤ እሱም ባዶ ሆኖ ተገኘ። ሾፌሩ ጎማውን እንደ በደለኛ ልጅ አፍጥጦ አየው። አንድ ላንድ ክሩዘር ጎማውንና ሾፌሩን ጭኖ ጎሚስታ ዘንድ ሲወስዳቸው፣ እኛ በእግራችን ከተማዋ ገባን። አንዲት ባለ ሱቅ ፊቴ መቅላቱን አይታ ወደ ውስጥ ጎተተችኝ፤ የስኳር ጆንያ ላይ አስቀምጣ ቀዝቃዛ ውኃ ሰጠችኝ። ሁለተኛ አመጣች፤ ሦስተኛም ጨመረች። ሂሳብ ስላት ተቆጣች፤ ውኃ ይሸጣል ወይ አለችኝ፤ የምትሸጠው ማቀዝቀዣ ሙሉ ውኃ ከጀርባዋ ቆሟል። እዚያ ተቀምጬ የጀማል መኪና ተሳቢውን እያንገጫገጨ ሲያልፍ አየሁ። አየኝና ክላክሱን ለቀቀው፤ በመስኮት ብቅ ብሎም፣ «ሰመራ ሰላምሽን አደርሳለሁ!» አለኝ። እኔም እጄን አውለበለብኩለት። ምን እንደሚያደርስ መች ገባኝ?

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሎግያ ደረስን፤ ከዚያ በባጃጅ ሰመራ። የምታሳድረኝ የእትዬ ዘሃራ ታናሽ እህት መዲና ናት፤ ምግብ ቤት አላት። ገና ከባጃጅ ስወርድ፣ «ማሻአላህ፣ ጎማው ቶሎ ተሠራላችሁ?» አለችኝ። የፊት ግራው መሆኑን ሳይቀር ታውቃለች። እትዬ ዘሃራ ደውለው ይሆናል ብዬ አለፍኩት፤ እሳቸው ደግሞ ከየት ሊያውቁ ኖሯል? መጠየቅ ሲገባኝ የቀረበልኝን ጥብስ በላሁ። አልጋዬ ግቢ ውስጥ፣ ሰማይ ሥር ተዘርግቷል። እኛ ጋ በረንዳ ላይ ያደረ ሰው በጠዋት ይለቀስለታል፤ እዚያ ቤት ውስጥ የተኛ ሰው ነው የሚታዘንለት።

ሐሙስ ጠዋት መዲና ያስጠራችልኝ ዓሊ መጣ። አርባዎቹን የተሻገረ፣ አንድ ቢሮ በር ላይ ጥበቃ የሆነ ሰው ነው። ጥበቃ ሳይሆን በፊት ግን አፋምቦ አካባቢ ግመል ሲጠብቅ ነው ያደገው። ተረኛ ሆኖ አድሮ ነው የመጣው፤ ተቀመጠና ሻይ ሳይነካ ጀመረ፤ መንገዱስ፣ ሣሩስ፣ ማንን አገኘሽ?

እኔ ደግሞ ቅዳሜ ደርሶብኛል። «እሱን በኋላ እንጫወተዋለን» አልኩት። «መጀመሪያ ስለ ግመል ንገረኝ።»

ዓሊ መዲናን አየ። መዲናም እሱን አየች። ትከሻውን ነቀነቀና ይነግረኝ ጀመር። ጥርስ፣ የእግር አነሣሥ፣ የተቆለመመው ጭራ፣ በቆዳ የተሠራው ግልገል። እየተጣደፍኩ ነው የጻፍኩት። ሃያ ነገር ነገረኝ፤ አሥራ ስምንቱ የአባ ሁመድ ነው፤ አንድ ዓይናዋ ሳትቀር። ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች፣ በሁለት ከተማ! ግቢው ውስጥ ዘለልኩ። እዚያው ሆኜ ጋሽ መኮንን ጋ ደወልኩ። ገበያው ትንሽ ነው አልኳቸው፤ የቀረኝ አሥራ አምስት ነው፣ ቅዳሜ ድረስ አደርሳለሁ፣ ምልክቱን ይለጥፉት። እሳቸውም ደስ ብሏቸው ለትምህርት ቤቶቹ እደውላለሁ አሉ።

ምሳ ላይ መዲና ዓሊን በግድ አስቀመጠችው። እየበላን፣ የአንድ ዓይናዋ ነገር በጣም እንዳስደነቀኝ ነገርኩት። ራሱን ነቀነቀ።

«አዎ፣ የሁመድ ግመል ብልህ ናት» አለ።

ጉርሻዬ አፌ ውስጥ ቀረ። «የየትኛው ሁመድ?»

«የአዋሹ ነዋ። ያንቺው።»

«አንተ አባ ሁመድን ታውቃቸዋለህ?»

«አላውቀውም። ጀማል የሚባል ሾፌር ትናንት ሎግያ ላይ ነገረን፤ እሱ ከሁመድ አፍ ሰምቶ። አንዲት ልጅ ስለ ግመል ልትጠይቅ ትመጣለች፣ ገዋኔ ላይ ጎማ ፈንድቶባታል፣ ሁመድ ይህን ይህን ነግሯታል አለን። ከሩቅ ለመጣ እንግዳ አጉድሎ መንገር ነውር ነው። እንዳይጎድልብሽ ማታውን ጥበቃው በር ላይ ለሦስት ሆነን ስናስታውስልሽ አመሸን። አራቱ ነው ያመለጠን፤ በእሱ ፈንታ ሁለት ከራሴ ጨመርኩልሽ።»

እኔ ከአዋሽ በሚኒባስ ስመጣ፣ ዝርዝሬ በተሳቢ ቀድሞኝ ገብቷል። «የሰማህ ላልሰማህ አሰማ» የሚለው አዋጅ እኛ ጋ የድሮ ነገር ነው፤ እዚያ በየሻይ ቤቱ ይኖራል።

«ለምን ሳትነግረኝ?» አልኩት፤ ድምፄ ከፍ ብሏል።

መዲና ቀደመችው። «ወላሂ ሊነግርሽ ነበር! ዳጉው ላይ መጀመሪያ የሚነገረው ይኸው ነው። አንቺ አይደለሽ አፉን ያዘጋሽው?»

ዓሊ ሳቀ እንጂ አልተቆጣም። «ዳጉውን ዘለልሽው፤ ከማን እንደሰማሁ አብሮ ተዘለለ» አለኝ።

መጽሐፉን በራሱ ማውጫ መርምሬ ነበር የመጣሁት። አሁን ደግሞ አባ ሁመድን በራሳቸው በአባ ሁመድ መርምሬ አረፍኩት፤ ያውም የአገሩን ሁሉ ሰው አድክሜ።

ከሰዓት በኋላ ዳጉው ከአንድ ተጀመረ። ከደብረ ብርሃን ደጃፌ ተነሥቼ ሁሉንም ነገርኩት፤ አሥራ አንዱን ግመል፣ የተኙትን ፍየሎች፣ የባለ ሱቋን ውኃ። ይህን አየሁ፣ ይህን ሰማሁ እያልኩ። አንድ ሰዓት ፈጀ፤ ከዚያ ውስጥ ሦስቴ ልነሣ ስል መዲና በቀሚሴ ይዛ አስቀመጠችኝ። ተራው የዓሊ ሆነ። ከሁመድ የሰማውን ለይቶ ወደ ጎን አደረገና ራሱ ያየውን፣ ከአያቱም የሰማውን ብቻ ነገረኝ። ዝንብ ሲበዛ ከወንዙ ዳር በምን ምልክት መራቅ እንደሚያስፈልግ፤ ጨዋማ አፈር ያጣች ግመል ምን እንደምታደርግ፤ መንጋው ሲጠማ ማን ቀድማ እንደምትጠጣና ለምን። አሥራ ዘጠኝ ሞላ። ከአባ ሁመድ ጋር የተገናኘው ሁለት ነው።

እንዲያውም ግልጽ ነበር። አባ ሁመድ ሲገዙና ሲሸጡ ነው የኖሩት፤ ግመል ሲያዩ የሚታያቸው የተደበቀው ጉድለት ነው። ዓሊ አብሯት ውሎ አድሯል፤ እሱ የሚያየው ውኃና ዝንቡን ነው። መዲና ደግሞ ሳትጠየቅ የወተቱ ዕቃ በየትኛው እንጨት እንደሚታጠን ጀመረችልኝ፤ እሱንም አንዳቸውም አላነሡትም። ገበያው ጫፉ አይታይም።

ከስልኩ ጋር ትንሽ ተፋጠጥኩና ጋሽ መኮንን ጋ ደወልኩ።

«ጋሽዬ፣ ምልክቱን ያንሡት። ተሳስቻለሁ።»

«ምን ማለትሽ ነው? ለትምህርት ቤቶቹ እኮ ተናግሬያለሁ። አሁን ምን ብዬ ነው የምደውለው? ከዚህ በኋላስ ማን ያምነናል?»

«ካርዱ እዚህ ሰመራ አጠገብ ዱብቲም ይሄዳል አይደል?»

«ይሄዳል።»

«የዓሊ ልጅ የምትማረው ዱብቲ ነው። ተሟልቷል ካልን አባቷ የሚያውቀው ነገር ሁሉ የለም ብለን ነው በአረንጓዴ የምንነግራት።»

መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛ ላይ ሲያስቀምጡ ተሰማኝ።

«በምን እንተካው ታዲያ?» አሉ።

እያንዳንዱ ጽሑፍ ሥር ማን እንዳየው፣ ማን ከማን እንደሰማው ይጻፍ አልኳቸው፤ ከላይ ደግሞ ያልሰማነው እንደሚበልጥ። ጋሽ መኮንን ሰዓት እንኳ ራሳቸው ካልሞሉት በትክክል አይቆጥርም የሚሉ ሰው ናቸው። እንዲህ ያለ ምልክት የትም አይተው እንደማያውቁ ነገሩኝ፤ እምቢ ግን አላሉም።

ዓርብ ጠዋት ዓሊ ወደ ሎግያ ዳርቻ ዘመዱ ዘንድ ወሰደኝ። ያንን የአንባቢ ጥያቄ ነግሬው ነበርና ልሞክራት ፈቀደልኝ። ግመሊቱ ከላይ ሆና እንደ ትምህርት ቤት ርእሰ መምህር ቁልቁል አየችኝ። ጎንበስ ብዬ ብሞክር፣ ብለማመጥ፣ ጠብ አላለም። እንግዳ እጅ ሲነካት ወተቷን ትይዛለች አለኝ ዓሊ፤ አያቱ ነግሮት፣ ኋላም ራሱ አይቶ። እሱ ሲነካት ወዲያው ለቀቀች። ትኩሱን ጠጣሁት፤ ጨው ጨው ይላል። ከዚያ በሚሌና በባቲ አድርጌ ኮምቦልቻ አደርኩ። እዚያ ብርዱ ሲቀበለኝ ነው ጋቢው ትዝ ያለኝ፤ እስከ ዛሬ አዋሽ፣ እትዬ ዘሃራ ቁም ሣጥን ውስጥ ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት በቀጥታ ጋሽ መኮንን ቤት ሄድኩ። ካርዶቹ ጠረጴዛው ላይ ተደርድረዋል፤ አንዱም አልተጫነም።

«ደህና ገባሽ?» አሉኝ።

«ደህና መልስ አይደለም ጋሽዬ። ይቀመጡ።»

ተቀመጡ። ከሰመራ ጀምሬ መንገዱን፣ ሣሩን፣ ያገኘሁትን ሰው፣ ያየሁትንና የሰማሁትን ነገርኳቸው። ስጨርስ መነጽራቸውን አድርገው ኮምፒውተሩን ወደ ራሳቸው አዞሩ፤ አረንጓዴውን አጠፉና በሁለት ጣታቸው ጻፉ፦ «ይህ የሰማነው ነው። ያልሰማነው ይበልጣል። የምታውቅ፣ የምታውቂ ጨምሩ።» ካርዶቹ እንዲያ ተጭነው ሄዱ።

እኔም ለዚያ ስሙን ላልገለጸው አንባቢ በስሜ ፈርሜ መልስ ጻፍኩለት፦ «ሞክሬ ነበር። ወተቷን ያዘችብኝ። እንግዳ ሲነካት ትይዛለች።»

ከሁለት ቀን በኋላ መልሱ መጣ። «ማን ነገረሽ?»

«ዓሊ። ዓሊ ከአያቱ ሰምቶ፣ ኋላም ራሱ አይቶ።»

«እንግዲያው ቁጭ በይ፤ እኔም የማውቀውን ልንገርሽ» አለኝ፤ ስድስት ነገር ላከ። አንዱንም አባ ሁመድም ዓሊም አልነገሩኝም።